በቀጨኔ ቤት ስለ መግዛት፤ ነጋዴው የሚገዛው ምንድን ነው?

በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀች ሰፈር ናት። ጀበናው፥ ድስቱና ምጣዱ የሚሠራው ባለሙያዎቹ በሚኖሩበት ግቢ ስለ ሆነ፥ በዚያ ሰፈር ቤት ማለት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያም ነው። ትርፍ ገንዘቡን በቤት ላይ ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ እንዲህ ባለው ነባር ሰፈር አስቀድሞ ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በዚህ ጉዳይ በነጋዴዎች መካከል ሁለት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ ቤት እንደ ሸቀጥ አይበላሽም፤ የብር ዋጋ ሲወድቅ የቤት ዋጋ ይነሣል ይላል። ለዚህም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ጥሬ ብር ይዞ የቆየውን አስመጪ ምስክር አድርጎ ያቀርባል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ቤት የገባ ገንዘብ አይንቀሳቀስም፤ ዕቃው ወደብ በደረሰ ጊዜ ቀረጡን ለመክፈል ከግድግዳው ድንጋይ ነቅሎ መሸጥ አይቻልም ሲል ይመልሳል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ከክርክሩ በፊት፥ ገዥው በገንዘቡ የሚያገኘው ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጡት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። እንግዲህ ነጋዴው የሚገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፥ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፥ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ የነበረውን ይዞታ ገዥው እንዳለ አያገኝም። አዋጁ በአዲስ አበባ ለመኖሪያ 99 ዓመት፥ ለንግድ 60 ዓመት ወስኗል። ሁለተኛ፥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ቦታው ለሕዝብ ጥቅም በተፈለገ ጊዜ፥ ለባለይዞታው የሚከፈለው ካሣ በቦታው ላይ ለሠፈረው ንብረት የሚታሰብ ነው እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሦስተኛ፥ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚሸጠው ቤት የለውም፤ ለእርሱ ገንዘብ የሰጠ ሰው ባለቤትነትን አያገኝም።

ቀጥሎ ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በ6,000,000 ብር ተገዝቶ በወር 25,000 ብር ይከራያል እንበል። የዓመቱ ኪራይ 300,000 ብር ነው። ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት አንድ ወር 25,000፥ ለእድሳትና ለግብር 35,000 ብር ቢቀነስ 240,000 ብር ይተርፋል፤ ይህም ከመቶ 4 ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 7 ማድረጉን ስናስታውስ፥ ኪራዩ ብቻውን ገዥውን እንደማያረካው ግልጽ ነው። የቀረው ተስፋ ሁሉ በዋጋ መወደድ ላይ ነው፤ እርሱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ እጅ የማይገባ ትርፍ ነው።

ኪራይ በፈለጉት መጠን ይጨመራል ብሎ ማሰብም አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ጭማሪውንም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ገድቦታል።

በቀጨኔ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። አንዳንድ ገዥ ግቢውን በትንንሽ ክፍሎች ሞልቶ ለማከራየት ያስባል። ይሁን እንጂ ሸክላው የሚደርቅበትና የሚተኮስበት ስፍራ ከጠፋ፥ ባለሙያዋ ኪራይ የምትከፍልበት ገቢም አብሮ ይጠፋል። ለግቢው ስትል ትከፍል የነበረች ተከራይ ግቢው ሲጠፋ ትለቃለች፤ ገዥውም የጠበቀውን ጥቅም በገዛ እጁ ያጐድላል።

እንግዲህ ለሥራ ማዞሪያ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በቤት ላይ ማዋል አይገባም፤ ለብዙ ዓመት ሳይፈለግ ሊቀመጥ የሚችለውን ግን ማዋል ይቻላል። ቀብድ ከመስጠት በፊትም የይዞታውን ማስረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፥ የተቀበለው ቢያፈርስ ዕጥፍ አድርጎ እንዲመልስ አዟልና፥ ችኩል ገዥ ከቤቱ በፊት ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።