ቀለሙ ሳይሆን ሻንሲው ይታይ

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚተካ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ሃያ ዓመት የሠራ አይሱዙ እንኳ ደህና ቀለም ከተቀባና አዲስ ሸራ ከለበሰ ገዢ አያጣም። ገዢው ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ከመኪናው ሥር የሚገባ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ በግልባጩ መሆን ነበረበት። ሞተር ይታደሳል። ካምቢዮና ዲፈረንሻል ገንዘብ ካለ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል። ሻንሲ ተበላሸ ማለት ግን መኪናው ራሱ ተበላሸ ማለት ነው፤ በሊብሬው ላይ የሰፈረው መለያ ቁጥር የተመታውም በእርሱ ላይ ነውና።

የጭነት መኪና ሻንሲ በመሠረቱ መሰላል ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው አግዳሚዎች ይገባሉ። ረጃጅሞቹ ብረቶች ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ፣ ከላይና ከታች ደግሞ የታጠፈ ከንፈር አላቸው። ጭነት ሲያርፍባቸው አንዱ ከንፈር ይጨመቃል፣ ሌላው ይለጠጣል፤ የቆመው ገጽ መካከል ግን ያን ያህል ጫና አይደርስበትም። ፋብሪካዎች ቀዳዳ የሚበሱት በቆመው ገጽ ላይ ሆኖ ከንፈሩን የማይነኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ካሶኒ የሚገጥም ብየዳ ቤት ከንፈሩን ቢበሳ ወይም ቢበይድበት ለስንጥቅ መነሻ አበጀ ማለት ነው።

በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ባሌስትራ ነው። አንደኛው ጫፉ በፒን ይታሰራል፤ ሌላው በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል። ጭነት ሲያርፍበት ቅስቱ ስለሚዘረጋ መፈናፈኛ ይፈልጋል። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ በማሳለፍ ንጥረቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ነው።

የአገራችን የትራንስፖርት ሥራ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቱ ከተፈቀደው በላይ ለመጫን ሲል ባሌስትራ ያስጨምራል። የአንድ ቅጠል ውፍረት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ወፍራም ቅጠል መጨመር የሚያመጣው ለውጥ ከሚገመተው በላይ ነው። ባሌስትራው አይሰበርም፣ ባለንብረቱም ደስ ይለዋል። ሆኖም ባሌስትራው ይውጠው የነበረው የመንገድ ምት ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፤ ስንጥቁም ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ ብዙ ቅጠል የተደራረበበት መኪና በሻጩ ዘንድ «ጠንካራ» ቢባልም፣ ለገዢው ምን ሲጭን እንደኖረ የሚናገር ምስክር ነው።

ፍተሻው ባዶውን መኪና በደልዳላ ስፍራ በማቆም ይጀመራል። በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በሜትር ይለካል። ልዩነት ከተገኘ አክስሉ ከቦታው ሸሽቷል፤ ምናልባት አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያጠብቁት ብሎኖች ላልተው የመሐሉ ብሎን ተቆርጦ ይሆናል፤ ይህ በቀላሉ ይጠገናል። ቀጥሎ ሻንሲው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልመጡ መሰላሉ ራሱ ተዛብቷል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የግጭት ምልክት ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ከኋላ የሚከታተል ሰውም የኋላ ጎማዎች የፊተኞቹን ፈለግ መሳታቸውን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

ከዚያ ጭቃው ተጠርጎ የባሌስትራ ማያያዣዎች፣ የአግዳሚዎቹ መጋጠሚያዎችና ከጋቢናው ኋላ ያለው ክፍል በባትሪ ይታያሉ። ስንጥቅ ራሱን የሚያጋልጠው በቀጭን የዝገት መስመር ነው። ከብሎን ሥር የወረደ የዝገት እንባ ደግሞ ብሎኑ መላላቱን ያሳያል። ሥሩ በሙሉ ትኩስ ጥቁር ቀለም ወይም ሬንጅ የተቀባ መኪና ከቀረበ ማድነቅ ሳይሆን መጠርጠር ይገባል። ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ መኪና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ ማድረግ አይከፋም፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል።

የፊት ጎማ በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ የኪንግ ፒኑ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ቴስቲናው ይታይ።

ቪትዝን የመሰሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሸክሙን ይይዛል። ስለዚህ የበሮች ክፍተት፣ የኋላ ኮፈን ወለልና የተበየደ ቦታ ይታያል። የሃይ ኤስ ሚኒባስ ፊት ደግሞ በሚጠማዘዝ ዘንግ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የደከመውን አንድ ብሎን በማጥበቅ ከፍ አድርጎ ማሳየት ይቻላል። ደላሎች ይህን ያውቃሉ።

«ቦሎ አለው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ ምርመራ መኪናው በዚያን ዕለት ለመንገድ ብቁ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ የገበያ ዋጋውን አያረጋግጥም። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደሉ ይነጻጸር። ባለ 17 አሃዝ ከሆነ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገኙም፤ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጭር ቁጥር ስላላቸው ያ ብቻውን አያጠራጥርም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸሸገ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ቢደነግግም፣ ገዢው ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ውል ሲፈርም ለሚያውቀው ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም። ስለዚህ የጋራዥ ፍተሻው ከቀብድ በፊት ይደረግ፤ የተገኘውም ጉድለት ከነዋጋ ቅናሹ በውሉ ላይ ይጻፍ።