ሾተላይ ያሉት የእማዬ ደም

እማዬ ሦስት ልጆች ቀብራለች። የመጀመሪያው ወንድሜ ጤነኛ ሆኖ ተወለደ። ከእሱ በኋላ ሁለት ተከታትለው ሞቱ፣ ከዚያ እኔ መጣሁ፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ አንድ። አንዱ ሞቶ ነው የተወለደው። ሁለቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ያኔ መንዝ ነበርን፤ አገሬው ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም፤ «ሾተላይ አለባት» አሉ። አራስ ቤት እንዳትገባ የሚከለክሏትም ነበሩ።

በቁመቷ ልክ በተቆረጠ ብራና ላይ ጸሎተ ሱስንዮስ አጻፈች፤ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር እንደወጋት የሚናገረውን። ክታቡን በቆዳ አሰፍታ አንገቷ ላይ እንዳሰረች እኔን ወለደች። እኔም አደግኩ። «ክታቡ ነው ያተረፈሽ» እያለች አሳደገችኝ። ቢያድግልኝ፣ ምትኩ፣ ካሳሁን የሚሉ ስሞችን ስትሰሙ ከኋላቸው ብዙ ጊዜ የተቀበረ ሕፃን አለ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ዓምና እኔም ፅንስ ስላጣሁ ነው። 14ኛ ሳምንቴ ላይ ማታ ደም ፈሰሰኝ። በሄድንበት ክሊኒክ አልትራሳውንድ አነሱኝ፤ የፅንሱ ልብ ቆሟል። ማህፀኔን አጸዱ፣ መድኃኒት ጻፉ፣ «እግዚአብሔር ይተካልሽ» ብለው ሸኙኝ። የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው ያለኝ አልነበረም።

ሲኤምሲ ቤታችን ገብቼ ተኛሁ። ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጎረቤት ቤቱን ይሞላዋል፤ ላስወረዳት ግን የሚባል ነገር የለም። ማርገዜንም ገና ለሰው አልነገርንም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚድዋይፍ የሆነች ጓደኛዬ ደወለችና ያንኑ ያልተጠየቅሁትን ጠየቀችኝ። አላውቀውም ነበር። ባለቤቴ መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ፣ ተማሪ ሆኜ ስታዲየም አካባቢ ደም ባንክ ደም የሰጠሁበትን ካርድ አወጣ፤ ኦ ኔጌቲቭ። እሱ ፖዘቲቭ ነው። «የሾተላይ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለብሽ፤ 9 ሰዓት ነው የቀረሽ» አለችኝ። ባለቤቴ ከሲኤምሲ ጉርድ ሾላ፣ ከጉርድ ሾላ መገናኛ፣ ፋርማሲ በፋርማሲ ዞረ። መርፌው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ፌስታል በረዶ ውስጥ ይዞት መጣ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሆን ተወጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ የአባቱን ፖዘቲቭ ደም ከወረሰ፣ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ወይም ፅንሱ ሲወርድ የልጁ ደም ጥቂቱ ወደ እናቲቱ ይገባል። ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ተወልዶ ይተርፋል። መከላከያው ግን አይረሳም፤ ቀጣዩን ፖዘቲቭ ፅንስ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ይሰባብራል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲከፋ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። እኛ ሾተላይ ያልነው ይህንን ነው። ላንድስታይነርና ዊነር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚለየውን፣ አርኤች የተባለውን የደም መለያ በ1940 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። መከላከያ መርፌው፣ ሰው የሾተላይ መርፌ የሚለው አንቲ ዲ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። መርፌው የልጁን ሴሎች የእናቲቱ ሰውነት ሳያውቃቸው ያጠፋቸዋል። የሚሠራው ከሰዎች ፕላዝማ ነው። ፕላዝማቸው ለዚሁ የዋለ ጄምስ ሃሪሰን የተባሉ አውስትራሊያዊ 1,173 ጊዜ ለግሰው በ2025 እ.ኤ.አ. በ88 ዓመታቸው አርፈዋል። ክንዴ ውስጥ የገባው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የማላውቀው ሰው ክንዱን ዘርግቶ እንደነበር ግን አልረሳም።

እህቶቼ፣ ኔጌቲቭ ከሆናችሁና የልጁ አባት ፖዘቲቭ ከሆነ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጊዜ፣ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋላችሁ። የሚረሳው ሌላው ነው፤ ውርጃ፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፣ በእርግዝና መሃል የፈሰሰ ደም፣ ሆድ ላይ የደረሰ ምት። ልጅ አልተወለደምና አልተቆጠረም፤ ደሙ ግን ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። 12 ሳምንት ሳይሞላ የወረደ ከሆነ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም ይወስን፤ መጠየቁን ግን እናንተ አትተዉ። መከላከያው አስቀድሞ ከተሠራ መርፌው አይመልሰውም። ያንን የሚለየው ኩምብስ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ያኔም ተስፋ አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማህፀን ውስጥ ላለ ፅንስ ደም ይሰጣሉ።

አሁን 31ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። የ28ኛውን ተወግቻለሁ፣ ኩምብሱም ንጹሕ ነው። እማዬን ይዣት ሄጄ አስመረመርኳት፤ ኔጌቲቭ ናት። ሐኪሟ ሳትምል «የሚመስለው ይሄው ነው» አለችኝ። እኔ የተረፍኩት ደሜ እንደ እሷው ኔጌቲቭ ስለሆነ ነው፤ የእማዬ ሰውነት እኔን እንደ ባዕድ አላየኝም። ይህን ስነግራት ብዙ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «እኔ አይደለሁማ የገደልኳቸው» አለች። ይህን ጥያቄ ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው እንደኖረች አላውቅም ነበር።

ክታቡን አልጣለችውም፤ እኔም ጣይው አላልኳትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሲኤምሲ ሚካኤል ደጅ ሆዷ የገፋ ሴት ስታይ ጠጋ ትልና «የኔ ልጅ፣ የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንዷ «አላውቅም፣ እማማ» አለቻት። ሰኞ ጠዋት አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ።