የተጫዋቾች የችሎታ ልዩነት በሰንጠረዥና በጎ ጨዋታ

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ግቢ ለዘመናት ሲዘወተር የቆየ ጨዋታ ነው። መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ከነበረው ከራስ አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1849 ውል የተፈራረሙት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው የጉዞ መጽሐፋቸው ስለ ጨዋታው ጽፈዋል።

ሰንጠረዥ ከዘመናዊው ቼዝ የሚለየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠበቅ በሚካሄደው «ወረራ» ብቻ አይደለም። ደንቡና ልማዱ በኃይለኛው ተጫዋች ላይ ሸክም ይጥላሉ። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ጥበብ የጎደለው ድል ሲባል፣ በፈርዝ ወይም በሳባ መያዝ የበለጠ ያስከብራል፤ ተራ ወታደሮች የሆኑትን መደቆች አስተባብሮ መያዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስመሰግናል። ከዚህም ሌላ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊያዝ አይችልም። በመሆኑም የበላይነት ያገኘው ወገን የባላጋራውን ሠራዊት ጠራርጎ ከጨረሰ ድሉ ከእጁ ያመልጣል።

በምሥራቅ እስያው ጎ ጨዋታ ግን ልዩነቱ የሚካካሰው ገና ከጅምሩ ነው። 19 በ19 መስመሮች ባሉት ገበታ ላይ ደካማው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 9 የሚደርሱ ጠጠሮችን አስቀድሞ ያስቀምጣል። በአማተሮች ዘንድ የአንድ ደረጃ ልዩነት አንድ ጠጠር ነው። በሙያተኞች ዘንድ ግን ከ1ኛ እስከ 9ኛ ዳን ያለው ርቀት በልማዳዊው ስሌት ከ3 ጠጠር አያልፍም፤ «ዳን» የሚለው ስያሜ አንድ ይሁን እንጂ መለኪያው አንድ አይደለም።

ይህ በጠጠር የመቁጠር ዘዴ ኮምፒዩተር በሰው ላይ ያገኘውን ብልጫ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል አስችሏል። ሞጎ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሙያተኛን ያሸነፈው 9 ጠጠር ተሰጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አልፋጎ ደቡብ ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን ያለ አንዳች ቅድሚያ 4 ለ 1 ረታ። ይኸው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2019 ከሃንዶል ጋር ሲገጥም 2 ጠጠር የተሰጠው ለእርሱ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቅድሚያ ካገኘባቸው ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው።

ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ቁጥር አልተወልንም። የጥንቶቹ ተጫዋቾች ብልጫ ከተመልካቾቻቸው ውዳሴ ጋር አብሮ አልፏል። ዛሬ በቼዝ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚጠቀምበት የነጥብ ሥርዓት ክፍተቱን ይሞላል፤ በዚህ ስሌት የ400 ነጥብ ብልጫ ያለው ተጫዋች ከ100 ጨዋታ 91 ያህል ውጤት እንዲያስመዘግብ ይጠበቃል። ሆኖም ነጥቡ የሚገኘው በፌዴሬሽኑ በተመዘገበ ውድድር ላይ ብቻ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ውድድር በማይደርስበት ከተማ የሚጫወት ወጣት ጎበዝ ይሁን አይሁን የሚያውቁት አብረውት የሚጫወቱት ብቻ ናቸው።