ስለ መሰንቆ ትምህርትና ስለ ቤተ ዘመድ ጆሮ

ከተማሪዎች መካከል መሰንቆ መማር የሚፈልግ ሰው ሲገኝ ሁለት ጥያቄዎች ወዲያው ይቀርቡለታል። አንደኛው፣ ከማን ትማራለህ? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ ቤተ ሰዎችህ ምን ይላሉ? የሚል ነው። እኛ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው ብለን እናምናለን። መሰንቆ ከመምህር ብቻ የሚለመድ መሣሪያ ስላልሆነ፣ የሚሰማው ዘመድ የሌለው ተማሪ ግማሹን ትምህርት ሳያገኝ ይቀራል። ምክንያቱን እንደሚከተለው ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው አሠራር ጥቂት እንበል። የመሰንቆ ገላ ከእንጨት የተበጀ፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ሲሆን በቆዳ ይለበጣል። በመካከሉ ረዥም ዘንግ ያልፋል፤ በዘንጉም ራስ ላይ አንዲት መቃኛ አለች። ድምፅ የሚሰጠው በአንድነት ተሰብስቦ የተወጠረ የፈረስ ጭራ ነው። አንዲት ትንሽ እንጨት ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች። ደጋኑም እንደዚሁ ጭራ የተወጠረበት ቆልማማ እንጨት ነው፤ ጭራ ከጭራ ጋር ሲፋተግ እንዳያዳልጥ ሙጫ ይቀባል። ሙጫ ያልነካው ደጋን ቢገዘግዙበት ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አያወጣም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የግራ እጅ ነው። በክራር ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው፤ በጊታር ዘንግ ላይም የጣትን ቦታ የሚወስኑ ብረቶች ተተክለዋል። በመሰንቆ ግን ይህ ሁሉ የለም። ጣቶች ጭራውን ከጎኑ ይነኩታል እንጂ ከዘንጉ ጋር አያጣብቁትም። አራቱ ጣቶች አራት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጣት ያልነካው ጭራ ደግሞ አምስተኛውን ይሰጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው ባለ አምስት ድምፅ ስለ ሆኑ አንዱ ጭራ ለሁሉም ይበቃል። ቅኝት ሲለወጥ የሚለወጠው በጣትና በጣት መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ የተጻፈበት ቦታ ግን የለም፤ የሚለካው ጆሮ ብቻ ነው።

እንደ እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት በሃርሞኒየም መዝሙር የተማረ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ሃርሞኒየም ድምፁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ዘማሪው ወደ እርሱ ይሄዳል። መሰንቆ በተቃራኒው የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ዘፋኙን ጉንፋን ከያዘው መቃኛው ዝቅ ይላል።

አዝማሪዎች ይህን ችግር በቤታቸው ፈትተውታል። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ልጁ ትምህርት ተጀመረ ሳይባል አባቱ ያስቀመጠውን መሰንቆ ያነሣል፤ ሲስት እናቱም አጎቱም ይሰሙታል፤ አንዱ ያርመዋል፣ ሌላው ይስቅበታል። ከአዝማሪ ቤት ያልተወለደ ተማሪ መሰንቆውን ከገበያ ሊገዛ ይችላል። የሚያጣው ይህን በቤቱ ውስጥ የሚዞረውን ጆሮ ነው።

ከገዛ ዘመዶቹ እንዳያገኘው ደግሞ አሮጌው ንቀት ይከለክለዋል። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ መኳንንትና ካህናት ሳይቀሩ ሲደረድሩት፣ መሰንቆ ከጠጅ ቤት ጋር ስለ ተቆራኘ አዝማሪ የሚለው ስም እንደ ስድብ ሲነገር ቆይቷል። ያው የተናቀ ሰው ግን በሠርግ ቀን ካልመጣ ድግሱ አይደምቅም! በእርግጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብ መሪነት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም፣ መሰንቆ ከበገናና ከዋሽንት ጋር በአንድ መድረክ ተቀመጠ። ከቡድኑ መሰንቆ ተጫዋቾች አንዱ ጌታመሳይ አበበ ነበሩ፤ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተንም መሰንቆ የተማረው ከእርሳቸው ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆ በትምህርትነት ይሰጣል። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ማኅተም የአባትን ፊት አይፈታም።

እኛ መፍትሔውን ያገኘነው ከአዝማሪው ከራሱ ልማድ ነው። እንደሚታወቀው አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ከዜማው ጋር አስማምቶ መልሶ ይዘፍነዋል። ስለዚህ አድማጩ ደራሲ ነው፤ ገዝጋዡ የእርሱ አፍ ነው። ስንኙ በራሱ ላይ የተወረወረ ቢሆንም አዝማሪ አልቀበልም አይልም።

በክረምቱ ዕረፍት መሰንቆአችንን ይዘን ደሴ ወደሚገኘው ቤታችን በገባን ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ከማድ ቤቱ ጀርባ ተቀምጠን ብቻችንን ስንገዘግዝ ሰነበትን። አባታችን «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» ብለው ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሳምንቱ ግን አያታችን በጓሮው በር ብቅ ብለው፣ ተቀበል አሉን፦

ተማር ብዬ ብልከው ከደብተር ከቀለም፣
ጭራ ይዞ መጣ ፈረሱ ግን የለም።

እኅቶቻችን በሳቅ ፈነዱ፤ እኛም እንደ ደንቡ ተቀብለን ዘፈንነው። ከዚያች ቀን ወዲህ መሰንቆው ከማድ ቤት ጀርባ ወደ ሳሎን ገባ። ስንኝ የሰጠ ሰው ስንኙ በትክክል እንዲዘፈንለት ይፈልጋልና፣ አያታችን ወዲያው አራሚያችን ሆኑ። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ እርሳቸውም ዜማዎቹን ከልጅነት ጀምሮ ያውቋቸዋል። «ይኼ አምባሰል አይደለም» ይሉና፣ የጣትን ነገር ሳያነሡ ራሳቸው ያዜሙታል፤ እኛም ድምፃቸውን እየተከተልን ጣታችንን ጥቂት ወደ ታች፣ ጥቂት ወደ ላይ እናደርጋለን፤ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቦታው እንደ ተገኘ እናውቃለን። በከተማ ያለው መምህራችን በሁለት ወር ያላቃናልንን ሦስተኛ ጣት እርሳቸው በአሥር ቀን አቀኑልን። መምህራችንን ለማሳነስ አይደለም፤ እርሱ በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰማናል፣ አያታችን ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ይሰማሉ።

አባታችን እስካሁን አንድ ስንኝ አልሰጡንም። ወደ መመለሻችን ገደማ ግን አንድ ማታ አያታችን ሲያዜሙ መሰንቆውን ከፍ አድርገን ቃኝተነው ኖሮ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ከወዲያኛው ክፍል አባታችን ሬዲዮናቸውን ቀነሱና «ዝቅ አድርግላቸው እንጂ፣ ጉሮሯቸው እኮ ነው የሚያልቀው!» አሉ። መቃኛውን ዝቅ አደረግነው።