ውዱ ናፍጣ ወይስ ተራው? ከጠርሙሱ በፊት ፊልትሮውን እዩ!

"ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?" የሚል አለ። "ኧረ ወዲያ! ናፍጣም እንደ ሥጋ ብልት ብልት አለው" የሚልም አለ። ይህ ክርክር ከጋራዥ በራፍና ከታክሲ ተራ ጠፍቶ አያውቅም። ክርክር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ኪስ ሲነካ፣ አልፎም ፍቅር መሐል ሲገባ ግን ነገሩ ይከራል።

እስቲ የአንድ ወጣት ባለታክሲና የእጮኛውን ጉዳይ እንይ። ሚኒባሷን የገዛለት ፍራንክፈርት የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ልጁ ገቢውን ለሠርግ ያጠራቅማል፤ ሒሳቡን በደብተር የምትይዘው እጮኛው ናት። ሚኒባሷ ጥቁር ጭስ መትፋትና ዳገት ላይ መልፈስፈስ ስትጀምር ልጁ ለወንድሙ ደወለ። ወንድምየውም "እኔ የምሞላው ውዱን ናፍጣ ነው። አንተም ተራውን ተው!" አለው። እዚህ ማደያ ሄዶ "ውዱን ስጡኝ" ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ በጠርሙስ እየገዛ፣ በሞላ ቁጥር ማንቆርቆር ጀመረ። ሁለት ወር አለፈ። ጭሱ እንዳለ ነው፤ የደብተሩ ሒሳብ ግን ሳሳ። በመጨረሻ እጮኛው "ለመሆኑ የምታገባው እኔን ነው ሚኒባሷን?" ብላው እርፍ! ልጁም አኮረፈ።

ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት የናፍጣን ጠባይ እንወቅ።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በተሳካ ሁኔታ ያስነሳው ሞተር የሚሠራው አየርን በኃይል በመጭመቅ ነው። የተጨመቀው አየር እንደ እሳት ይግላል፤ ናፍጣው በኖዝል ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይቀጣጠላል። ቶሎ የመቀጣጠሉ ልክ "ሴቴን" በሚባል ቁጥር ይለካል። ከቤንዚኑ "ኦክቴን" ጋር እንዳታምታቱት፤ ተቃራኒ ናቸው። ኦክቴን ቤንዚን ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙ ነው፤ ሴቴን ደግሞ ናፍጣ ሳይዘገይ መቀጣጠሉ ነው።

በአውሮፓ ተራ የሚባለው ናፍጣ ራሱ ሴቴኑ ከ51 በታች እንዳይሆን በደረጃ ተወስኗል። በአሜሪካ ዝቅተኛው 40 ነው። ውዱ ናፍጣ ከዚህ ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ወደ 60 ይጠጋል። በዚያ ላይ ኖዝል የሚያጸዳ፣ ዝገት የሚከላከልና አረፋ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርበታል። ታዲያ ጥቅም የለውም አይባልም። በብርድ ጠዋት ሞተር ቶሎ ይነሳል፣ ጩኸቱም ለስለስ ይላል፤ ኖዝሉ የቆሸሸ መኪናም ቀስ በቀስ ሊጸዳ ይችላል።

ጥያቄው ዋጋው ነው። እስቲ እናስላው። ፍራንክፈርት ያለው ወንድም ተራውን በ1 ዩሮ ከ70፣ ውዱን በ1 ዩሮ ከ90 ይገዛል እንበል። በሳምንት 50 ሊትር ቢሞላ ልዩነቱ 10 ዩሮ፣ በዓመት 520 ዩሮ ነው። ይህን ለማካካስ ከየ100 ሊትሩ ከ10 ሊትር በላይ መቆጠብ አለበት። ደህና የተያዘ ሞተር ደግሞ ውድ ናፍጣ ስለጠጣ ብቻ ያን ያህል አይቆጥብም። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተራው ይበቃል ካለ፣ ተራው ይበቃል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ናፍጣችን በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ይገባል፤ የችርቻሮ ዋጋውንም መንግሥት ይወስናል። የኛ ሰው ችግር የሴቴን ቁጥር ሳይሆን የናፍጣው ንጽሕና ነው። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር" ይባል የለ! ውኃ፣ አቧራ፣ አልፎ አልፎም ላምባ ይገባበታል። ናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ነገር ነው። ላምባና ቤንዚን ይህ ባሕርይ ስለሚያንሳቸው ብረትን ከብረት ያፋጫሉ። ውኃም ያዝጋል። ይህንን የትኛውም ጠርሙስ አያድነውም።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ፓምፑ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ፣ አየር አንሶት ናፍጣ ይበዛበትና ጥቁር ያጨሳል።

ያ ልጅ በኋላ የወሰዱት ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። ሰውዬው ጠርሙሱን ዞር ብለውም አላዩት። የአየር ፊልትሮውን አወጡ፤ አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ ጭቃ መስሏል። የናፍጣውን ፊልትሮ ፈቱ፤ ከሥሩ ውኃ ወረደ። ሁለቱም ተቀየሩ፣ ፓምፑም ተስተካከለ። ወጪው ልጁ ለጠርሙስ ካፈሰሰው ያነሰ ነበር። እና ማን ልክ ነበር? እሷ! ግን እሱም ክፉ አላሰበም፤ የእንጀራቸው ገመድ እንዳይበጠስ ነው የፈራው። የጎደለው መጠየቅ ነው።

እናንተስ? እነዚህን ያዙ፦

- ጭሱን እዩ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ ነው።
- የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው ቀይሩ፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ አስወርዱ።
- ብዙ ሰው የሚቀዳበትን ማደያ ምረጡ። ቦቴ እየገለበጠ ባለበት ሰዓት አትሙሉ፤ ዝቃጩ ይበጠበጣል።
- በስሕተት ቤንዚን ከተሞላባችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ ታንኩን አስገልብጡ።
- ጠርሙስ ብትገዙም መመሪያውን አንብቡ፤ ከመጠን በላይ መጨመር ትርፍ የለውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። "ሳይቃጠል በቅጠል" ነውና፣ ለውድ ናፍጣ ያሰባችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ለፊልትሮ አውሉት። የተረፈውን ለሠርጋችሁ!