የዳይኖሰሮችን ፍጻሜ የመዘገበው ስስ የሸክላ አፈር

ስለ ዳይኖሰሮች የተጻፉ መጻሕፍትና የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በእንስሳቱ ግዙፍነትና በጥርሳቸው ርዝመት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የደረሰን ጥፋት፣ ያየ ሰው በሌለበት፣ እንዴት ልናውቅ ቻልን? የሚል ነው። ብዙ ተማሪዎች ጉዳዩ የሥነ ሕይወትና የሥነ ምድር ባለሙያዎች ድርሻ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ዋናው ማስረጃ የተገኘው ከአጥንት ቁፋሮ ሳይሆን፣ አንድ ቁራሽ አፈር ወስደው በኒውክለር ፊዚክስ መሣሪያ ከመረመሩ ሰዎች እጅ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ዘመናቱ ጥቂት እንበል። ዳይኖሰሮች ብቅ ያሉት ከ230 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ ትሪያሲክ በሚባለው ዘመን ነው። ከዚያ ጁራሲክ፣ ቀጥሎም ክሬታሺየስ መጣ። በአገራችንም በዓባይ ተፋሰስ ከሚገኙ የጁራሲክ ዘመን ድንጋዮች ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ስመ ጥሩው ቲራኖሰረስ ሬክስ ግን የኖረው ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከዓባይ ዳይኖሰሮች እስከ ቲራኖሰረስ ያለው ጊዜ ከቲራኖሰረስ እስከ እኛ ካለው ይበልጣል። በ1993 የወጣው ታዋቂ ፊልም ስሙን ከጁራሲክ ወስዶ ዋና ተዋናዩን ከክሬታሺየስ ማምጣቱን አንባቢ በዚህ ይረዳል።

ሰዓት ፍለጋ፣ ሚዛን ግኝት

ጣልያን ውስጥ ጉቢዮ በምትባል ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ገደል ላይ የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታያሉ። በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀሙ ደለሎች ናቸው። በታችኞቹ ንብርብሮች ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ዛጎሎች በብዛትና በብዙ ዓይነት ይገኛሉ። በላይኞቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፍተው ጥቂት እጅግ ደቃቅ ዝርያዎች ብቻ ይቀራሉ። በሁለቱ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ቅሪተ አካል የሌለበት የሸክላ አፈር ንጣፍ አለ። የዳይኖሰሮችም ዘመን ያበቃው በዚሁ ወሰን ነው።

በ1970ዎቹ ዋልተር አልቫሬዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ሊቅ ከዚህ አፈር ናሙና ወስዶ ለአባቱ አሳየ። አባቱ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሳይንቲስት ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ይህ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር የተጠራቀመው በስንት ዓመት ነው? ሉዊስ አንድ ዘዴ አመጣ። በምድር ላይ ያለማቋረጥ የሚዘንብ ደቃቅ የጠፈር አቧራ አለ፤ በውስጡም ኢሪዲየም የተባለ ብረት ይገኛል። አቧራው በማይለዋወጥ መጠን የሚወርድ ከሆነ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኢሪዲየም እንደ ሰዓት ያገለግላል፤ ብዙ ኢሪዲየም ማለት ረጅም ጊዜ ማለት ነው።

ለምን ኢሪዲየም? ምድር በልጅነቷ ቀልጣ በነበረችበት ጊዜ አብዛኛው ብረት ወደ እምብርቷ ሰመጠ፤ ኢሪዲየምም ከብረት ጋር ስለሚዋሐድ አብሮ ወረደ። በዚህም ምክንያት በምድር ቅርፊት ላይ ከወርቅ እንኳ የበለጠ ብርቅ ነው። በብዙ አስትሮይዶች ውስጥ ግን ይህ መለያየት ስላልተፈጸመ፣ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ግማሽ ክፍል ያህል ኢሪዲየም ይዘው ቆይተዋል።

ልኬቱን ያከናወኑት በበርክሌይ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ፍራንክ አሳሮና ሔለን ሚሼል ናቸው። ናሙናው በኒውክለር ማብላያ ውስጥ ለኒውትሮኖች ይጋለጣል። ኢሪዲየም-191 አንድ ኒውትሮን ሲውጥ ኢሪዲየም-192 ይሆናል። ይህ ኢሶቶፕ የግማሽ ዕድሜው 74 ቀን ሲሆን፣ ሲፈራርስ የራሱ መለያ የሆኑ፣ ለምሳሌ የ316 እና የ468 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው የጋማ ጨረሮችን ያወጣል። ጨረሮቹን መቁጠር አተሞቹን መቁጠር ነው። ዘዴው በአንድ ቢሊዮን ክፍል ውስጥ ያለን አንድ ክፍል እንኳ ለመለየት ያስችላል።

ውጤቱ ሰዓቱን ከጥቅም ውጪ አደረገው። በሸክላ አፈሩ ውስጥ የተገኘው ኢሪዲየም በዙሪያው ካለው የኖራ ድንጋይ 30 እጥፍ ገደማ ሆነ። በዴንማርክ የሚገኘው ተመሳሳይ ንጣፍ 160 እጥፍ፣ የኒውዚላንዱ ደግሞ 20 እጥፍ አሳየ። በዝግታ የሚዘንብ አቧራ ይህን ያህል ሊያከማች አይችልም፤ ነገሩም የአንድ አካባቢ ጉዳይ አይደለም። በቅርብ የፈነዳ ኮከብ ይሆን ብለውም መረመሩ። እንዲህ ያለ ኮከብ ፕሉቶኒየም-244ን ሊያመጣ ይገባ ነበር፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ቅሪቱ ዛሬም መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። የቀረው አማራጭ አንድ ግዙፍ አስትሮይድ ነው። ሰዓት ይሆናል የተባለው ነገር ሚዛን ሆነ፤ የወደቀውን አካል ለመመዘን አስቻለ።

በእርሳስና በወረቀት

ሚዛኑን አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ግራም ያህል ይመዝናል። በጉቢዮ የተለካው ኢሪዲየም በአንድ ቢሊዮን ክፍል 9 ክፍል ነበር፤ ይህም በካሬ ሴንቲ ሜትር 18 የቢሊዮን ግራም ነው። የምድር የቆዳ ስፋት 5.1 ቢሊዮን ቢሊዮን ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ብናባዛው በመላው ዓለም ወደ 90 ሺህ ቶን ኢሪዲየም ወረደ ማለት ነው። ይህ ከአስትሮይዱ ግዝፈት የሁለት ሚሊዮን አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የተበተነው አቧራ ወደ 180 ቢሊዮን ቶን ይሆናል። እፍጋቱን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.2 ግራም ብንወስድ ዲያሜትሩ 5 ኪሎ ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ ድቡልቡል እናገኛለን። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ የተበተነው የአስትሮይዱ ክፍልፋይ ብቻ ነው። አጥኚዎቹ በ1883 ከፈነዳው ከክራካቶዋ እሳተ ገሞራ በተገኘ መረጃ ተመሥርተው 22 በመቶ ብለው ገመቱት፤ በዚህ ካረምነው ዲያሜትሩ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1980 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ግምት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም በ4 ሊለያይ እንደሚችል ተገልጾ ነበር።

ይህን ያህል ግምት የበዛበት ስሌት እንዴት ይታመናል? የድቡልቡል ይዘት 8 እጥፍ ሲሆን ዲያሜትሩ የሚያድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የኢሪዲየሙን መጠን በእጥፍ ብንስት እንኳ ዲያሜትሩ የሚስተው በሩብ ያህል ነው።

ጉልበቱንም እናስላ። 10 ኪሎ ሜትር ዲያሜትር ያለው እንዲህ ያለ አለት ወደ 1.2 ሚሊዮን ሚሊዮን ቶን ይመዝናል። በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ምድርን ለመምታት 5 ሰከንድ ይበቃዋል። የእንቅስቃሴ ጉልበቱን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከተገመተው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ጋር ብናነጻጽር፣ ግድቡ ያን ያህል ለማመንጨት ከ4 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስፈልገዋል።

ክርክሩ

የቅሪተ አካል ሊቃውንት ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የዳይኖሰር አጥንት የሚጠፋው ከኢሪዲየሙ ንጣፍ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው ይሉ ነበር። እንስሳቱ ቀድመው አልቀው ከነበረ አስትሮይዱ ምን አደረጋቸው?

መልሱ ከናሙና አወሳሰድ ባሕርይ የተገኘ ነው። አንድ ሰው በወር አንድ ቀን ብቻ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪናዎች ይመዝግብ እንበል። አንድ ቀን መንገዱ በድንገት ቢዘጋ፣ ሚኒባሶች እስከ መጨረሻው ዕለት ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ብርቅ የሆነ የመኪና ዓይነት ግን መዝገቡ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከመዘጋቱ ከብዙ ወራት በፊት ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው መኪናዎቹ ቀስ በቀስ የጠፉ ይመስለዋል። ሲኞርና ሊፕስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1982 ያመለከቱት ይህንኑ ነው። የዳይኖሰር አጥንት ብርቅ ነው፤ የፎራሚኒፌራ ዛጎል ግን በየጭብጡ ይገኛል። ተቃውሞው ባይነሣ ኖሮ ይህ ነጥብ ይህን ያህል ባልጠራም ነበር ብለን እናምናለን።

ትልቁ ጉድለት የጉድጓዱ አለመገኘት ነበር። ነገር ግን የሜክሲኮ የነዳጅ ኩባንያ ባለሙያዎች በ1978 በአውሮፕላን ባደረጉት የመግነጢስ ቅኝት፣ ከዚያም በስበት ልኬቶች፣ በዩካታን ልሳነ ምድር ከደለል በታች የተቀበረ ግዙፍ ክብ ቅርጽ አይተው ነበር። በ1981 በስብሰባ ላይ ቢያቀርቡትም ሰሚ አላገኘም። ቺክሹሉብ የሚባለው ይህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ የተፈለገው መሆኑ በሰፊው የታወቀው በ1991 ነው። ሉዊስ አልቫሬዝ ከሦስት ዓመት በፊት አርፎ ነበር።

ዕድሜውን የሰጠን ደግሞ ፖታሲየም-40 ነው። ይህ ኢሶቶፕ 1.25 ቢሊዮን ዓመት በሆነ የግማሽ ዕድሜ ሲፈራርስ ከፊሉ አርጎን ስለሚሆን፣ በማዕድን ውስጥ የታሰረው አርጎን ጊዜውን ይቆጥራል። በ2013 የታተመ ልኬት የጥፋቱን ዘመን 66.04 ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል፤ በቆዩ መጻሕፍት 65 ተብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የታወቀው በሐዳር የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ በተደረገ የዚሁ ዓይነት ልኬት ነው።

አለቱ የወደቀበት ስፍራ በድኝ የበለጸገ ነበር። የተነሣው አቧራ፣ ጥላሸትና የድኝ ውህድ የፀሐይን ብርሃን ጋርዶ ዕፀዋት ምግብ መሥራት አቃታቸው፤ ምድርም ቀዘቀዘች። ከእንስሳትና ከዕፀዋት ዝርያዎች ሦስት አራተኛው ያህል ጠፋ። ከዳይኖሰሮች ወገን የተረፉት አዕዋፍ ብቻ ናቸው።

በዚያው ዘመን በሕንድ የዴካን እሳተ ገሞራዎች እጅግ ሰፊ ምድር በባሳልት ሸፍነዋል፤ ዋናዎቹ ገዳዮች እነርሱ ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኛ የምንኖርበት ደጋ በአብዛኛው የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በፈሰሰ ተመሳሳይ ባሳልት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ዳይኖሰሮችን ካጠፋው ጋር የሚስተካከል እልቂት አልደረሰም። ይህ ብቻውን ዴካንን ነጻ ባያወጣም፣ ባሳልት በፈሰሰ ቁጥር ሕይወት ይጠፋል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

ጉድጓዱ በ2016 ተቆፍሮ ናሙና ወጥቶለታል፤ በ2021 በታተመ ጥናትም የጉቢዮው ኢሪዲየም አቻ በዚያው በጉድጓዱ ውስጥ መገኘቱ ተገለጸ። በ2024 ደግሞ በንጣፉ ውስጥ የሚገኘው ሩተኒየም የተባለ ብረት ኢሶቶፖች ተለክተው፣ አለቱ ካርቦን የበዛበት ዓይነት እንደነበረና የተፈጠረውም ከጁፒተር ምሕዋር ባሻገር እንደሆነ ተረጋግጧል።