ፍርድ ያልተሰጠበት ፍጻሜ፤ ስለ «ዘ ሶፕራኖስ» የመጨረሻ ክፍልና ስለ ተመልካቾቹ ክርክር

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2007 እሑድ ማታ በአሜሪካን አገር ኤች ቢ ኦ የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ሶፕራኖስ» የተሰኘውን ተከታታይ የወንጀል ድራማ የመጨረሻ ክፍል ሲያስተላልፍ፤ 11.9 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በየቤቱ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው የዋናውን ሰው ዕጣ ነው። ነገሩ ሊፈጸም ነው በተባለበት ሰዓት ግን መስተዋቱ በድንገት ጠቆረ፤ ድምፁም ተቋረጠ። ዐሥር ሰኮንድ ያህል የታየ ነገር የለም፤ የተሰማም ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የሠራተኞቹ ስም ያለ ሙዚቃ ይወርድ ጀመር። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ በነዚያ ዐሥር ሰኮንዶች ውስጥ የኬብሉ መስመር የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ስሙ መውረድ ሲጀምር አለመበላሸቱን ዐወቁ፤ ድንጋጤውም ወደ ቁጣ ተለወጠ። በዚያው ሌሊት የጣቢያው ድረ ገጽ የጎረፈበትን ሰው ብዛት መሸከም አቅቶት ለጊዜው ሥራውን አቆመ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የምንፈልገው ድራማው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን አይደለም፤ ይህን ብዙዎች ጽፈውበታል። የምንጠይቀው፤ ሰው ፈጠራ መሆኑን እያወቀ ስለ አንድ ታሪክ ፍጻሜ እንደ ተበደለ ባለጉዳይ የሚቆጣው ስለ ምንድን ነው የሚለውን ነው።

ድራማውን ላላዩት አንባቢዎች ባጭሩ እናስታውስ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1999 ሲሆን በጠቅላላው 86 ክፍሎች አሉት። የፈጠረው ዴቪድ ቼዝ ይባላል፤ የመጨረሻውን ክፍል የጻፈውም ያዘጋጀውም እርሱ ራሱ ነው። ዋናው ሰው ቶኒ ሶፕራኖ በኒው ጀርዚ የሚኖር የማፊያ አለቃ ነው፤ ጄምስ ጋንዶልፊኒ የተባለው ተዋናይ ተጫውቶታል። ቶኒ ሰው ያስገድላል፤ በገዛ እጁም ይገድላል። ማታ ግን ወደ ቤቱ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሞ ይበላል፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ አእምሮው ስለ ታወከም ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ እናቱ ያወራል። ተመልካች ስምንት ዓመት ሙሉ ሲገድልም ሲያለቅስም ስላየው ለመደው፤ ቆይቶም ወደደው። ጥፋቱን እያወቁ ከማዕድ የማያርቁት ዘመድ ዓይነት ሆነበት።

የመጨረሻው ትርኢት የሚፈጸመው ብሉምፊልድ በተባለ ከተማ ሆልስተንስ በሚባል በእውነት ባለ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ቶኒ ብቻውን ገብቶ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው የዘፈን መምረጫ ሣንቲም ከትቶ በ1981 የወጣ አንድ ታዋቂ ዘፈን ያጫውታል። ሚስቱ ካርሜላ ትመጣለች፤ ቀጥሎ ወንድ ልጁ ኤ ጄ ይመጣል፤ የተጠበሰ የሽንኩርት ቀለበት ይቀርባል። ሴት ልጁ ሜዶው ውጭ ሆና መኪናዋን በሁለት መኪና መካከል ለማቆም ደጋግማ ትሞክራለች። አንድ የማይታወቅ ሰው ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጦ ወደ ቶኒ ይመለከታል፤ ኋላም ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ይገባል። በሩ ሲከፈት ደወል ያቃጭላል፤ ቶኒም ቀና ብሎ ያያል። ሜዶው በመጨረሻ መኪናዋን አቁማ እየሮጠች ትመጣለች። ደወሉ ያቃጭላል፤ ቶኒ ቀና ይላል፤ መስተዋቱም ይጠቁራል። ይኸው ነው። እንደ ትርኢት ከተቈጠረ ቤተ ሰብ እራት ሊበላ ተሰበሰበ ከማለት በቀር ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

የተመልካቹ ነገር በሦስት ደረጃ ያለፈ ይመስለናል። መጀመሪያ የተጠረጠረው መሣሪያው ነው። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ምክንያት አለው። ቴሌቪዥን ዝም ማለትን አያውቅም፤ ሰው ሲሞት እንኳ ከበስተ ኋላ ሙዚቃ ያሰማል። ዝም ካለ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን ክፍል እኛ ያየነው ከተላለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ ፍጻሜውንም አስቀድመን ሰምተን ነው፤ ይሁን እንጂ መስተዋቱ ሲጠቁር ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያ ቀና ብሎ ያየው አምፖሉን ነው። እኛ አገር ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው መብራቱን ነውና።

ሁለተኛው ተከሳሽ ደራሲው ሆነ። ቼዝ ክፍሉ በተላለፈበት ጊዜ ፈረንሳይ አገር ነበር፤ «ስታር ሌጀር» ለተባለው የኒው ጀርዚ ጋዜጣ በሰጠው ቃልም የሠራውን ለማብራራትም ሆነ ለመከላከል ፍላጎት እንደሌለው ተናገረ። (ይህ ጋዜጣ ቶኒ ጧት ጧት በካባው ወጥቶ ከደጁ የሚያነሣው ጋዜጣ ነው።) ያኮረፈ ነበረ፤ ያደነቀም ነበረ። በዚያው ወር ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ከባለቤታቸው ጋር ያንኑ ትርኢት እየቀለዱበት አጭር ፊልም አሠሩ፤ በሽንኩርቱ ፈንታ ካሮት ቀረበ፤ ፊልሙም እንደዚያው በድንገት ጠቁሮ አለቀ። አንድ ነገር በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለምርጫ ቅስቀሳ ቀልድ ከዋለ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዐውቆታል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ድራማው የኤሚን ሽልማት ሲያገኝ ቼዝም ለዚሁ ለመጨረሻው ክፍል ድርሰት ተሸለመ።

ሦስተኛው ደረጃ ክርክር ነው፤ ይህ እስከ ዛሬም አላለቀም። ቶኒ ሞቷል የሚሉት ወገኖች ጠበቃ ነገር እንደሚያቀርብ ማስረጃ ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስሙን ያልገለጸ አንድ ጸሐፊ ባወጣው እጅግ ረጅም ሐተታ ይህ ክርክር ሥርዓት ይዞ ቀረበ። ነገሩም እንዲህ ነው፦ ደወሉ ሲያቃጭል በመጀመሪያ የቶኒን ፊት እናያለን፤ ቀጥሎ ቶኒ የሚያየውን በዓይኑ እናያለን። መጨረሻ ላይ ደወሉ አቃጨለ፤ ፊቱን አየን፤ ቀጥሎ የቶኒ ዓይን የሚያየውን ማየት ሲገባን ያየነው ጨለማ ነው። ስለዚህ ጨለማው ቶኒ ያየው ነው፤ ሞቷል ማለት ነው ይላሉ። በዚህም ላይ በጥቂት ክፍሎች ቀደም ብሎ ቶኒና እኅቱን ያገባው ቦቢ በሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው፤ ሞት ሲመጣ ምናልባት ሰውየው ራሱ አይሰማም ይሆናል ተባብለው ነበር። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍልም ይኸው ትዝታ ተመልሶ ታይቷል። ወደ መጸዳጃ ቤት የገባውም ሰው በ1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» የተባለ ፊልም ያስታውሳል፤ እዚያ ገዳዩ ሽጉጡን የሚያወጣው ከመጸዳጃ ቤት ነበርና።

አልሞተም የሚሉት ደግሞ፤ የታየ ነገር ሳይኖር በምልክት ብቻ ሰው ሞተ አይባልም፤ ነገሩ ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየደነገጠ የሚኖር ሰውን ለማሳየት ነው ይላሉ። ለእኛ የመጀመሪያዎቹ ማስረጃ ይበልጥ ይከብዳል። ሆኖም ክርክሩ ራሱ ከሚከራከሩበት ነገር የበለጠ ያስገርመናል።

አንባቢ በአገራችን የቀድሞ የሙግት ልማድ የመንገድ ዳኛ የሚባለውን ያውቃል። ሁለት ተሟጋቾች አላፊ መንገደኛውን አቁመው ነገራቸውን ያሰሙታል፤ እርሱም ሥራውን ትቶ ይሰማል፤ ይፈርዳል። የወንጀል ድራማ ተመልካች ልክ እንደዚህ መንገደኛ ነው። ማንም ሳይሾመው ያስቀምጡታል፤ ማስረጃውን ሁሉ ያሳዩታል፤ ፖሊስ የማያውቀውን እርሱ እንዲያውቅ ያደርጉታል። እንዲህ ተደርጎ ስምንት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ችሎቱ ያለ ፍርድ ተነሣ ቢባል እንዴት አይቆጣ?

ፍርዱ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ለማየት አርባ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። «ዘ ፊዩጂቲቭ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ያለ በደሉ ሞት የተፈረደበትን ዶክተር ሪቻርድ ኪምብልን ከ1963 ጀምሮ አራት ዓመት ከከተማ ከተማ ሲያሸሸው ቆይቶ፤ ኦገስት 29 ቀን 1967 ተፈጸመ። እውነተኛው ገዳይ፤ አንድ እጅ የሌለው ሰው፤ ተጋለጠና ሞተ፤ ኪምብልም ነጻ ወጣ። የክፍሉ ርእስ እንኳ «ፍርዱ» የሚል ነበር። 78 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተገምቷል፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈቱት ቤቶችም ከመቶ 72ቱ ይህንን ይመለከቱ ነበር። ሕዝቡ የጠበቀውን አገኘ፤ መዝገቡም ተዘጋ። በዚያ ፍጻሜ የሚከራከር ሰው የለም።

ነገር ግን ኪምብል ንጹሕ ሰው ነው፤ ተመልካቹም ሲደግፈው የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም። የቶኒ ነገር ከዚህ ይለያል። ቼዝ በ2007 ኋላ በታተመ ቃለ ምልልስ፤ ሰዎች ቶኒ ሲዘርፍና ሲገድል ስምንት ዓመት እየተደሰቱ ካዩ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ተነሥተው ይቀጣልን ማለታቸው እንዳስጠላው ገልጿል። ሐሳቡ ከባድ ነው። እኛ ግን በሙሉ አንስማማበትም። ቶኒ የወንድም ልጅ ያህል ያሳደገውን ክሪስቶፈርን በዚያው በመጨረሻው ዓመት አፍንጫውን ይዞ አፍኖ ገድሎታል፤ የክሪስቶፈር እጮኛ አድሪያናም ቀደም ብላ በእርሱ ትእዛዝ ጫካ ውስጥ ተገድላለች። ስለ እነዚህ የሚጠይቅ ሰው ድራማው ውስጥ የለም፤ ከተመልካቹ በቀር። ፍርድ የጠየቀው ሁሉ ደም የጠማው ነው ማለት ለሟቾቹ ጠበቃ አሳጥቶ ማስቀረት ነው።

በዚህ ላይ ብዙው ተከራካሪ የዘለለው አንድ ነገር አለ፤ ለእኛም የነገሩ ቁልፍ እርሱ ነው። በድራማው ውስጥ እንደ ተመልካቹ ተቀምጣ ቶኒን ስምንት ዓመት ያዳመጠች አንዲት ሰው አለች፤ እርስዋም የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ሜልፊ ናት። ዋና ጨዋታው ከመጠናቀቁ አንድ ሳምንት በፊት ጁን 3 ቀን በተላለፈው ክፍል፤ እንዲህ ያለው ሰው በንግግር ሕክምና እንደማይድን፤ እንዲያውም ማታለልን እንደሚማርበት የሚገልጽ ጥናት ታነባለች። ቶኒ እንደ ወትሮው መጥቶ ተቀመጠ፤ እንደ ወትሮውም አወራ። እርስዋ ግን በዚያ ቀን በአዲስ ጆሮ ሰማችው። ከዚያም ከእንግዲህ አላክምህም ብላ በሩን ዘጋችበት። ሽጉጥ አልተተኮሰም፤ የተጮኸም ነገር የለም። በዚህ ክፍል ላይ ግን እንደ ጨለማው ዐሥር ሰኮንድ የተጻፈ ሐተታ አላጋጠመንም። እንግዲህ ፍርድ አልተሰጠም የሚለው አቤቱታ ትክክል አይደለም፤ ተሰጥቷል፤ ግን የተሰጠው በቶኒ ላይ ብቻ ሳይሆን ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ ባዳመጠውም ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ማን ወድዶ ይሰማዋል? በሽንኩርቱ ቀለበትና በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ማስረጃ መቍጠር ይቀላል።

መልስ መስጠት ብቻውን ተመልካችን እንደማያረካ በእንግሊዝ አገር ታይቷል። «ላይን ኦቭ ዲዩቲ» የተባለው የፖሊሶችን ሙስና የሚያሳይ ድራማ ሜይ 2 ቀን 2021 ስድስተኛውን ምዕራፍ ሲጨርስ 12.8 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። ለዓመታት ሲፈለግ የነበረው ስውር አለቃ ማን እንደ ሆነ በግልጽ ተነገረ፤ ባክልስ የተባለ ሥራ የማይሆንለት ሹም ሆኖ ተገኘ። ተመልካቹም ብዙው ተከፋ፤ ይህን ያህል የተጠበቀ ክፉ ሰው እንዲህ ተራ ሊሆን አይገባም ብሎ። ለእኛ እንደሚመስለን ሙስና አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ሰው ሥራ ነው፤ ግን ይህን ለመስማት ስድስት ምዕራፍ የጠበቀ የለም።

ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰጠው ቃለ ምልልስ፤ ከፍጻሜው ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ቶኒ በመኪናው ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የሚሞትበትን ሌላ ትርኢት አስቦ እንደ ነበር ተናገረ። ጋዜጦቹም ወዲያው ደራሲው የቶኒን ሞት አረጋገጠ ብለው ጻፉ፤ ተከራካሪዎቹ ግን የተወው ትርኢት ለተሠራው ትርኢት ማስረጃ ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚል አዲስ ሙግት ገጠሙ። ጋንዶልፊኒ ያን ጊዜ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጁን 19 ቀን 2013 በሮማ በ51 ዓመቱ ዐርፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሆልስተንስ ቤቱን ሲያድስ ቶኒ የተቀመጠበትን መቀመጫ ከነጠረጴዛው ለጨረታ አቀረበ፤ በ82,600 ዶላርም ተሸጠ። የገዢው ስም አልተገለጸም።